ኳሷ በሌለችበት

ስለ 2006ቱ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ (በእኛ ሐምሌ 2 ቀን 1998) ሲወራ ሁሉም የሚያነሳው ዚዳን ማቴራዚን ደረቱ ላይ በቴስታ መምታቱን ነው። የዳኛውን ሥራ የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው። እኔ ያን ምሽት ደግሜ ባየሁት ቁጥር ዓይኔ አርጀንቲናዊው ሆራሲዮ ኤሊዞንዶ ላይ ይቀራል፤ ሰውዬው በዓይኑ ያላየውን ጥፋት፣ ሳይገምት፣ በትክክል ቀጥቷልና።

በርሊን ላይ 110ኛው ደቂቃ ነው። ውጤቱ 1 ለ 1 ሲሆን ሁለቱንም ግቦች ያገቡት እነዚሁ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ዚዳን በ7ኛው ደቂቃ በፍጹም ቅጣት ምት፣ ማቴራዚ በ19ኛው ከማዕዘን የተሻማውን በግንባሩ ገጭቶ። የፈረንሳይ ጥቃት ከሽፎ ኳሷ ወደ ሌላው ወገን ሄዳለች። ተጫዋቹም ተመልካቹም በዓይኑ ተከትሏታል። ዋና ዳኛም መከተል ግዴታው ነው፤ በዚህ የሚወቀስበት ምክንያት የለም። ከኋላው ሁለቱ ቃል ሲለዋወጡ፣ ቀድሞ ይሄድ የነበረው ዚዳን ዞሮ ሲመለስ አላየም።

ኤሊዞንዶ ያየው ማቴራዚ ሣሩ ላይ ተዘርሮ ነው። ጨዋታውን አስቆመ፤ ከዚያ በጆሮው ባደረጋት መነጋገሪያ ረዳቶቹን ጠየቀ። ዳኞች በዚህ መሣሪያ እየተነጋገሩ የመሩት የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ነበር። ዳሪዮ ጋርሲያ የወደቀውን እንጂ የመታውን አላየም። ሮዶልፎ ኦቴሮም አላየም። ጣሊያኖቹ ይጮሃሉ፤ ግብ ጠባቂው ቡፎን መስመር ዳኛው ዘንድ ደርሶ አቤት ይላል። አላየሁም ብሎ ማስቀጠል ይቻል ነበር፤ ብዙ ዳኛ ያደርገዋል። ጩኸቱን አምኖ ካርድ መምዘዝም ይቻላል፤ እሱ ደግሞ ይብሳል። ኤሊዞንዶ ሁለቱንም ትቶ እውነቱን የሚያውቅ ሰው እስኪያገኝ ታገሠ። በዚህ መሐል የስፔናዊው አራተኛ ዳኛ የሉዊስ ሜዲና ካንታሌሆ ድምፅ መጣ። አይቷል፤ ዚዳን በቴስታ መትቶታል።

አራተኛ ዳኛን ብዙዎቻችን የምናውቀው ቅያሪ ሲያስገባና የባከነ ሰዓት ሰሌዳ ሲያነሳ ነው። ብርቱ የሆነው ግን እንደ ጥሩ እረኛ መንጋው ወደፊት ሲነዳ ወደኋላ የቀረውንም ያያል። ሜዲና ካንታሌሆ ከስክሪን ነው ያየው የሚል ጥርጣሬ ያኔ ተነስቶ ነበር፤ ያኔ ቪዲዮ መጠቀም አይፈቀድም ነበርና። ፊፋ በዓይኑ እንዳየ አረጋግጧል።

ኤሊዞንዶ ወደ መስመር ዳኛው ሄደ፣ ተመለሰ፣ ዚዳን ፊት ቆሞ ቀዩን አነሳ። ዚዳን የፈረንሳይ አምበል ነው፤ ከዚህ ጨዋታ በኋላ ጫማውን እንደሚሰቅልም ዓለም አውቋል። የኤሊዞንዶ እጅ ግን አልከበደም። ጣት መቀሰር፣ ተጫዋች መግፋት፣ ለካሜራ የሚሆን ቁጣ አልታየበትም።

የዚህ ሥራ ዋጋ የሚገባው ያልተሠራበትን ቀን ለሚያስታውስ ነው። ልክ 12 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 2 ቀን 1986፣ በአሜሪካው የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ጣሊያናዊው ማውሮ ታሶቲ የስፔኑን ሉዊስ ኤንሪኬ በጣሊያን ፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ በክርኑ መታው። አፍንጫው ተሰብሮ ደሙ እየፈሰሰ ሃንጋሪያዊው ዳኛ ሻንዶር ፑል ምንም አልሰጠም። ጣሊያን 2 ለ 1 አሸነፈች። ታሶቲ በኋላ በቪዲዮ ማስረጃ 8 ጨዋታ ታገደ፤ ስፔን ግን ወደ አገሯ ተመልሳለች። ፑል ክፉ ዳኛ አልነበረም፤ የዚያን ዋንጫ ፍጻሜም የመራው እሱ ነው። ያን ቀን ግን ወደዚያ ያየ አንድ ሰው፣ ያየውንም በጊዜው የሚነግረው፣ አላገኘም።

ሕጉ ራሱ ግልጽ ነው። ለኳስ ሳይፋለም ከልክ ያለፈ ኃይል ወይም ጭካኔ የተጠቀመ፣ ለመጠቀም የሞከረም ቢሆን፣ ንክኪ ባይኖር እንኳ ቀይ ያያል። ለዳኛው የሚከብደው ሕጉን ማወቅ ሳይሆን ማየት ነው። ዛሬ ቫር ባለበት ጨዋታው ከቀጠለ በኋላም ቢሆን ለእንዲህ ያለ ጥፋት ወደኋላ መመለስ ይፈቀዳል፤ ጥሩ ነው፣ ተገቢም ነው። ቫር የሌለበት ሜዳ ግን እጅግ ይበዛል፤ እዚያ ያለው መሣሪያ አሁንም የሦስትና የአራት ሰው ዓይን ነው።

በኤሊዞንዶ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የማደንቀው ግን ያላደረገውን ነው። ማቴራዚ አንድ ነገር እንደተናገረ ሜዳው ላይ መገመት ይቻል ነበር። ከዳኞቹ መሐል ቃሉን ሰማሁ ያለ ስላልነበረ፣ ለማመጣጠን ሲል እንኳ ቢጫ አላሳየውም። የተባለውን ፊፋ በኋላ መርምሮ ዚዳንን በ3 ጨዋታ፣ ማቴራዚን በ2 ቀጣ።