በልጅ ላይ የሚደርስ በደልና ቸልታ፦ የትርጉሙ ጉድለት ከመምህሩ አንጻር

በደል የደረሰበትን ልጅ ለይቶ የማወቅ ጉዳይ የባለሙያዎችን ትኩረት በይበልጥ የሳበው፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ዶክተር ሄንሪ ኬምፕና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ስለ ተደበደቡ ሕፃናት ባወጡት ጥናት ነው። ጥናቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ71 ሆስፒታሎች 302 ሕፃናት መመዝገባቸውን፣ ከእነዚህም 33ቱ መሞታቸውን፣ 85ቱ ቋሚ የአንጎል ጉዳት እንደ ደረሰባቸው ገልጧል። በራጅ የሚታየው ስብራት ወላጅ ከሚሰጠው ምክንያት ጋር አለመጣጣሙም እንደ ዋነኛ ምልክት ተወሰደ።

የጥናቱ ውለታ አይካድም። ሆኖም መነሻው ሆስፒታል በመሆኑ በደልን የለካው በቁስል ነው። ፍርሃትንና ቸልታን ግን ራጅ አያሳያቸውም።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 576 ከዚህ ሰፋ ይላል፤ ልጅን ማንገላታትን፣ ችላ ማለትን፣ ከአቅሙ በላይ ማሠራትንና መደብደብን በአንድነት ይከለክላል። ይሁን እንጂ ንዑስ አንቀጽ 3 ለተገቢ አስተዳደግ ሲባል ከሕግ ሳይቃረን የሚወሰደውን የማረሚያ እርምጃ ከቅጣት ነጻ ያደርጋል፤ ወሰኑ የት ላይ እንደሆነ ግን በዝርዝር አያመለክትም። ከዚህም የተነሣ «ልጄን ቀጣሁ» የሚል ወላጅና «ተማሪዬ ተበደለ» የሚል መምህር አንዱን አንቀጽ ጠቅሰው ሊከራከሩ ይችላሉ።

ስለዚህ ለትምህርት ቤት የሚበጀው ትርጉም ከአድራጊው ሐሳብ ሳይሆን ከልጁ ሁኔታ መነሣት ይኖርበታል። አንድ ምልክት ብቻውን አይበቃም፤ መደጋገሙና በልጁ ጠባይ ላይ የታየው ለውጥ ይመዘን። ድህነትም ከቸልታ ይለይ። ደብተር መግዛት ያቃተው ወላጅ ቸልተኛ አይባልም። በአንጻሩ የራሱን ልጆች በሰዓቱ ወደ ትምህርት ቤት እየላከ፣ ከገጠር ያመጣትን የዘመድ ልጅ ውኃ ሲያስቀዳ የሚያስቀር አሳዳጊ፣ ገላዋ ላይ ጠባሳ ባይገኝም፣ በደለኛ ነው።

ጥርጣሬ ፍርድ አይደለም። መምህሩ ያየውን ከነቀኑ፣ ልጁ የተናገረውንም በራሱ በልጁ ቃል ይመዝግብ፤ ልጁን እንደ መርማሪ ሳያስጨንቅ ጉዳዩን ለርእሰ መምህሩና ለሚመለከተው አካል ያቅርብ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆችን በትምህርት ቤት ከሚፈጸም የአካል ቅጣት ስለሚጠብቅ፣ አርጩሜ የያዘ መምህር የሌላውን በደል ለመለየት እንደማይበቃ መዘንጋት የለበትም። ልጅ ምሥጢሩን የሚነግረው ለማይፈራው ሰው ነውና።