ወደ ኋላ የማይመራ ክር

«አትጨነቁ» ሲባል ስንሰማ አድገናል። የሚቸግረው «እንዴት?» የሚለው ነው። ስኮትላንዳዊው ጆርጅ ማክዶናልድ እ.ኤ.አ. በ1872 ያሳተመው «ልዕልቲቱና ጎብሊኖቹ» የተሰኘ የልጆች ተረት ለዚህ ጥያቄ ከብዙ የስብከት መጻሕፍት የተሻለ መልስ ይሰጣል ብዬ አምናለሁ።

ስምንት ዓመት ገደማ የሆናት ልዕልት አይሪን በተራራ ላይ ባለ ሰፊ ቤት ከሞግዚቷ ጋር ትኖራለች። ከተራራው ሥር ጎብሊን የሚባሉ ሰው ጠል ፍጡራን ሊሰርቋት ያሴራሉ። በቤቱ ሰገነት ላይ ደግሞ ሞግዚቷ እንኳ መኖራቸውን የማታውቅ አንዲት አሮጊት ክር ይፈትላሉ፤ የአይሪን ቅድመ አያት እናት ናቸው። ለልጅቱ በዓይን የማይታይ፣ በጣት ብቻ የሚዳሰስ ቀጭን ክር የተያያዘበት ቀለበት ይሰጧታል። አደጋ ሲመጣ ጣቷን ክሩ ላይ አሳርፋ እንድትከተለው፣ መንገዱ ጠመዝማዛ ቢመስላትም እንዳትጠራጠር ያስጠነቅቋታል።

የመጽሐፉ ልብ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። አይሪን በድንጋጤ ከእንቅልፏ ነቅታ ክሩን ትይዛለች፤ ወደ አያቷ እቅፍ የሚወስዳት መስሏታል። ክሩ ግን ከቤት ያስወጣታል፣ ተራራውን ያስወጣታል፣ ከዚያም ከምትፈራቸው ፍጡራን ጉድጓድ ውስጥ ይዟት ይገባል። በመጨረሻ የድንጋይ ክምር ውስጥ ይሰወራል። ልመለስ ብትል ከኋላዋ ክሩን በእጇ ልታገኘው አልቻለችም፤ ወደ ፊት ብቻ ነው የሚመራው። አምርራ ታለቅሳለች። ከዚያ ድንጋዩን አንድ በአንድ ማንሳት ትጀምራለች፣ ጣቶቿ እስኪደሙ ድረስ። ከክምሩ ወዲያ ጎብሊኖቹ ያሰሩት የማዕድን ቆፋሪው ልጅ ከርዲ አለ።

ማክዶናልድ የሚለን፣ እምነት ፍርሃትን አስቀድሞ አያጠፋም፤ ለፈራ ሰው ግን የሚይዘውና የሚሠራው ነገር ይሰጠዋል ነው። አይሪን ጭንቀቷን የረሳችው ሌላ የተጨነቀ ሰው ዘንድ ስትደርስ ነው። ስለ ነገ አለመጨነቅ ሲሰበክ ይህ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ይዘለላል፤ ሰላም ለራሳችን ብቻ የምንቀበለው ስጦታ ይመስለናል። ማተብ ላሠረ አንባቢ ደግሞ ሌላ የሚያሳስብ ነገር አለው፦ ማተብ ለሌላው ሰው የሚታይ ምስክር ሲሆን፣ የአይሪን ክር ግን ከራሷ በቀር ምስክር የለውም።

አለመታመን እንዴት እንደሚያም ደራሲው ያውቃል። ከርዲ ነፃ ወጥቶ ከአይሪን ጋር ሰገነቱ ላይ ሲወጣ የሚያየው ባዶ ክፍልና የገለባ ክምር ብቻ ነው፤ የተቀለደበት መስሎት ተቆጥቶ ይሄዳል። አሮጊቷ ግን አይፈርዱበትም። ለጊዜው ሳይታመኑ መቆየትንም መታገሥ እንደሚገባ ለልጅቱ ያስረዷታል። ከመጽሐፉ ሁሉ እኔን የነካኝ ይህ ትዕግሥት ነው።

ማክዶናልድ ይህን የጻፈው በምቾት ተቀምጦ አይደለም። እናቱ የሞቱት ገና ልጅ ሳለ በ1832 ነበር፤ ራሱም በሳንባ ሕመም ሲሠቃይ ኖሯል። በእንግሊዝ አሩንደል ከተማ ፓስተር ሆኖ ሲያገለግል ትምህርቱ ስላልተወደደለት በ1853 ሥራውን ለቆ፣ ቤተሰቡን በብዕሩ ለማስተዳደር ተገደደ። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ጂ. ኬ. ቼስተርተን ይህ ተረት መላ ሕይወቱን እንደለወጠው በ1924 መመስከሩ አያስገርመኝም።

ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ተራኪው እውነተኛ ልዕልት ቃሏን እንደማታጥፍ ደጋግሞ ሲያስተምር በጎነትን ከዘውድ ጋር ያያይዘዋል፤ ይህ ዛሬ ይጎረብጣል። ጎብሊኖቹም ከመልካቸው ጀምሮ የተኮነኑ ናቸው፣ የደራሲው ርኅራኄ ለእነሱ ሲሆን ያጥራል። መጨረሻው የተጣደፈ ነው፤ ብዙ የተደከመበት ሴራ በአንድ የውኃ ሙላት ይጠናቀቃል።

እነዚህ ግን የክሩን ታሪክ አያደበዝዙትም። ማክዶናልድ የሞተው በ1905 ስለሆነ የመጽሐፉ የቅጂ መብት ዘመን ካለፈ ቆይቷል። ለልጆቻችን ጥሩ ተረት የምትፈልጉ ተርጓሚዎችና አሳታሚዎች፣ ይህን መጽሐፍ አንሱት።