«አምሳያ» ወይስ «አስመሳይ»? በምናባዊ ማሽን የማከማቻ ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ በአማርኛ፣ በትግርኛና ፊደሉን በሚጋሩ ሌሎች ቋንቋዎች የተሰናዱ የቃላት ስብስቦች፣ የመስክ ማስታወሻዎችና የመዝገበ ቃላት ረቂቆች የተተየቡት እያንዳንዱ ሶፍትዌር ለራሱ በፈጠረው የኮድ አመዳደብ ነበር። ፎንቱና ፕሮግራሙ ከሌሉ ፋይሉ የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ክምር ሆኖ ይቀራል። አሮጌው ኮምፒውተር ሲሞት የማንበቢያው ቁልፍም አብሮ ይቀበራል። አንዱ መፍትሔ የሃርድ ዲስኩን ሙሉ ቅጂ ወስዶ በምናባዊ ማሽን ውስጥ ማስነሳት ነው። የቋንቋ ባለሙያው ከማያውቀው ገጽ ጋር የሚፋጠጠው እዚህ ላይ ነው፦ ዲስኩ በየትኛው መቆጣጠሪያ ይያያዝ? በአይዲኢ፣ በሳታ፣ በስካዚ፣ በኤንቪኤምኢ ወይስ በቨርቲዮ?

ጥያቄው የመሐንዲስ ይመስላል። ሆኖም በምናባዊ ማሽን ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ብረት የለውም፤ አንድ የታወቀ ቺፕ ሲጠየቅ ይመልስ እንደነበረው የሚመልስ ፕሮግራም ነው። በውስጡ የተጫነው ስርዓተ ክወና ድራይቨሩ በለመደው ሥርዓት ይጠይቃል፤ ፕሮግራሙም በዚያው ሥርዓት ይመልሳል። ኪውኢሙ የተባለው ሶፍትዌር «ፒሲ» ብሎ በሚጠራው የማሽን ዓይነት ዛሬም የሚያስመስለው ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣውን የ440ኤፍኤክስ ቺፕሴት ነው። ቨርቹዋልቦክስ በበኩሉ በአይዲኢ ሥር ሦስት ስሞች ያቀርባል፤ ፒአይአይኤክስ3፣ ፒአይአይኤክስ4 እና አይሲኤች6። መመሪያው ሦስቱ በፍጥነት እንደማይለያዩ ይገልጻል። ከሌላ ሶፍትዌር የመጣ ስርዓተ ክወና ግን አንዱን ለይቶ ሊጠብቅና ካላገኘው ሊወድቅ እንደሚችል አክሎ ያልፋል። ይህ አገላለጽ በመመሪያው ውስጥ እንደ ተራ ማሳሰቢያ ተወርውሮ ይገኛል፤ አሮጌ ዲስክ ለሚያድን ሰው ግን ከምዕራፉ ሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዊንዶውስ 98 ሳታ የሚመራበትን የኤኤችሲአይ ሥርዓት አያውቅም፤ ዊንዶውስ ኤክስፒም ድራይቨሩን ይዞ አልተወለደም። ቨርቹዋልቦክስ ግን ለአብዛኞቹ አዳዲስ ማሽኖች በነባሪነት የሚያቀርበው ሳታን ነው። የኤክስፒ ዲስክ በሳታ ላይ ሲያያዝ ሰማያዊ ገጽና «7ቢ» የሚል የስህተት ቁጥር ይወጣል፤ ከቁጥሩ ጋር የሚታየው የእንግሊዝኛ ሐረግ የማስነሻ ዕቃው ሊደረስበት አለመቻሉን ይናገራል። ሐረጉ ጥፋቱን በዕቃው ላይ ይጥላል። ዲስኩ ግን ጤነኛ ነው፤ የጎደለው በጠያቂውና በመላሹ መካከል የጋራ ቋንቋ ነው። ይህን መልእክት አንብቦ «ዲስኩ ተበላሽቷል» ብሎ የሚደመድም፣ ከዚያም በላዩ ላይ አዲስ ስርዓት የሚጭን ሰው፣ የሃያ ዓመት የመስክ ሥራ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያጠፋ ይችላል። የመልእክቱ ጸሐፊ ከ«ዕቃው» ይልቅ «ድራይቨሩ» የሚለውን ቃል ባለቤት አድርጎት ቢሆን ኖሮ አንባቢው የሚፈልገው ሌላ ነገር ይሆን ነበር።

ወደ አማርኛው ሲመጣ የመጀመሪያው ዕንቅፋት ዋናው ግስ ራሱ ነው። የዚህን መቆጣጠሪያ ሥራ ለመግለጽ ቀድሞ የሚመጣው «አስመሰለ» ነው፤ ከዚህ የሚወጣው የአድራጊ ስም ደግሞ «አስመሳይ» ነው። «አስመሳይ መቆጣጠሪያ» ያለ ተርጓሚ ግን መቆጣጠሪያውን ግብዝ ብሎ ሰድቦታል። ቃሉ በሕዝብ አነጋገር ውስጥ ይዞት የኖረው ትርጉም ይህ ነውና፣ የሙያ ቃል ነው ተብሎ በአዋጅ አይታጠብም። ያም ሆኖ ሥሩ መጣል የለበትም። «ም-ስ-ል» ለዚህ ሙያ የሚያስፈልገውን ቤተሰብ አስቀድሞ ወልዶ አስቀምጧል፤ «ምስል» ለዲስኩ ሙሉ ቅጂ፣ «አምሳያ» ለመቆጣጠሪያው፣ «ተመሳሰለ» ለሁለት ቅጂዎች መጣጣም። «የዲስኩ ምስል በአምሳያ መቆጣጠሪያ ላይ ተያያዘ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ያለ ማብራሪያ ይነበባል፤ በምስልና በአምሳያ መካከል ያለው ዝምድናም በጆሮ ይሰማል። እንግሊዝኛው ለሁለቱ የሚጠቀምባቸው ቃላት ይህን በጆሮ አያሰሙም። «ኢሙሌተር» ብሎ በፊደል ብቻ መገልበጥ ይህን ሀብት በነጻ መጣል ነው።

«አስመሳይ» የሚለው ስድብ ፍጹም የሚገባው ቦታም አለ። አንድ ስርዓተ ክወና መረጃ ከጻፈ በኋላ መቆጣጠሪያውን «ያለህን ሁሉ አሁን ወደ ዲስኩ አፍስስ» ብሎ ያዛል፤ መልሱን እስኪሰማም ይጠብቃል። መልሱ የሚፈጸም ቃል ነው፤ «አዎ» ከተባለ መብራት ቢጠፋ እንኳ የተጻፈው አለ ማለት ነው። የቨርቹዋልቦክስ መመሪያ እንደሚለው ግን እነዚህ የማፍሰስ ትእዛዞች ለፍጥነት ሲባል በተለምዶ ችላ ይባላሉ። አምሳያው «አዎ» ይላል፤ መረጃው ገና በአስተናጋጁ ማሽን ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ነው። ትእዛዙ እንዲከበር የሚፈልግ ተጠቃሚ «ኢግኖርፍላሽ» የተባለውን፣ በማስተካከያ መስኮቱ ላይ የማይታይ ቅንብር ፈልጎ ዋጋውን ዜሮ ማድረግ አለበት፤ ማለትም እውነትን ለማግኘት ቸልታን መካድ ግድ ይለዋል። ኪውኢሙ ይህንኑ ባሕርይ ሲያቀርብ «አደገኛ» የሚል ፍቺ ባለው ቃል ሰይሞታል፤ በነባሪነትም አይመርጠውም። ሁለቱ ሶፍትዌሮች አንድን ነገር መሥራት ይችላሉ፤ አንደኛው ስሙን ነግሮ፣ ሌላኛው ሸሽጎ። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ያለ ቤተ መዛግብት ይህን የስያሜ ልዩነት እንደ ጣዕም ጉዳይ ሊያየው አይችልም።

ከዚህ ጋር የሚቀራረበው የ«የማይለወጥ» ምስል ጉዳይ ነው። ቨርቹዋልቦክስ በዚህ ስም የሚጠራው የዲስክ ዓይነት በውስጡ ላለው ስርዓት ያለ ችግር ይጻፍለታል፤ ጽሑፉ የሚሄደው ወደ ተደራቢ ፋይል ነው፤ ማሽኑ እንደገና ሲነሳ ተደራቢው ይጣላል። በውጭ ላለው የማይለወጥ፣ በውስጥ ላለው የሚረሳ ነው። ቅጽሉ የማንን እይታ እንደያዘ አልተነገረም። ስሙን አምኖ ሙሉ ቀን በውስጡ የቃላት ማስተካከያ የሠራ ሰው በማግስቱ ባዶ ገጽ ያገኛል። «የሚረሳ ዲስክ» ቢባል ጸያፍ አይሆንም፤ እንዲያውም ያስጠነቅቃል።

በአይዲኢ ላይ ያለው ጥንድ ስም ግን ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። አይዲኢ ሁለት መስመሮች አሉት፤ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ሁለት ዕቃዎች ይያያዛሉ፤ በድምሩ አራት። በአንድ መስመር ላይ ያሉት ሁለቱ በእንግሊዝኛ ለዘመናት «ጌታ» እና «ባሪያ» ሲባሉ ኖረዋል። ዘይቤው በሥነ ምግባር ከመነቀፉ በፊት በእውነታ ይወድቃል። አንደኛው ዲስክ ሁለተኛውን አያዝም፤ ሁለቱም ትእዛዝ የሚቀበሉት ከመቆጣጠሪያው ነው፤ የትኛው እንደሚመልስ የሚለየው አንዲት ቢት ናት። የአታ መስፈርት ራሱ «ዕቃ 0» እና «ዕቃ 1» ይላል። የሎስ አንጀለስ አውራጃ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2003 አቅራቢዎቹ እነዚያን ስሞች እንዲተዉ ሲጠይቅ ብዙዎች ቀልደውበት ነበር፤ ዛሬ የቨርቹዋልቦክስ የቅርብ እትሞች መስኮትም በቁጥር ይጠራቸዋል። በአማርኛ ጉዳዩ ለቀልድ ቦታ የለውም። ባርነት በኢትዮጵያ በአዋጅ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው፤ ቃሉ ግን ዛሬም በሰው መልክና ዘር ላይ የሚወረወር ስድብ ሆኖ ይኖራል። የዚህ ስድብ ዒላማ ከሆነ ማኅበረሰብ የመጣ ተማሪ በቤተ ሙከራ ገጽ ላይ እንዲያነበው የሚያደርግ ምንም የቴክኒክ ምክንያት የለም። «ጌታና አገልጋይ» የሚለው ማለዘቢያም አይረዳም፤ «አገልጋይ» ለሰርቨር ተይዟልና ሌላ መደናገር ያመጣል። «ቀዳሚ» እና «ተከታይ»፣ ወይም መስፈርቱ እንዳደረገው ቁጥር፣ ይበቃል።

አሁን ወደ ስምና ተጠሪ። በሊኑክስ የቆየ ልማድ «ኤችዲኤ» የመጀመሪያው መስመር ዕቃ 0፣ «ኤችዲሲ» የሁለተኛው መስመር ዕቃ 0 ነበር። ሁለተኛው ዲስክ ባይኖርም ሦስተኛው ስሙን አይለውጥም ነበር፤ ስሙ አድራሻ ነበርና። በኋላ የአይዲኢ ዲስኮችም በስካዚ ሥርዓት ሥር ገቡና «ኤስዲኤ»፣ «ኤስዲቢ» ተባሉ፤ አሮጌው የአይዲኢ ድራይቨር እ.ኤ.አ. በ2021 በሊኑክስ 5.14 ጨርሶ ተወገደ። አዲሶቹ ስሞች ቦታን ሳይሆን የመገኘት ቅደም ተከተልን ይናገራሉ፤ እንደ «ይህኛው» እና «ያኛው» ናቸው፤ ተናጋሪው ሲዞር ተጠሪያቸውም ይዞራል። አንድን ምስል ከአይዲኢ ወደ ቨርቲዮ ያዛወረ ሰው «ኤስዲኤ» የነበረው ዲስክ «ቪዲኤ» ሆኖ ያገኘዋል፤ ስሙን በማስነሻ ሰንጠረዡ ላይ በቀጥታ የጻፈ ስርዓትም ዲስኩን አጠገቡ አስቀምጦ ይፈልገዋል። ረጅሙ መለያ ቁጥር ለዓይን አስቀያሚ ቢሆንም፣ ከእነዚህ ሁሉ ለተጸውዖ ስም የሚቀርበው እርሱ ነው።

የሊብቨርት ሰነድ በዚህ ረገድ እንግዳ ሐቀኝነት አለው። በቅንብር ፋይሉ ውስጥ ለዲስኩ «ቪዲኤ» ተብሎ ስም ይጻፋል፤ ሰነዱ ግን የተጻፈው ስም በውስጠኛው ስርዓት ውስጥ ከሚታየው ስም ጋር ለመዛመዱ ዋስትና እንደሌለ፣ እንደ ቅደም ተከተል ፍንጭ ብቻ መታየት እንዳለበት ይናገራል። ስም የሚመስል፣ በስም ቦታ የሚጻፍ፣ ስም ያልሆነ ቃል! ማሳሰቢያው ትክክል ነው፤ ሰዋስዉ ግን ስህተት ነው። ፍንጭ ከሆነ ቁጥር ይበቃው ነበር።

ኪውኢሙ ከዚህ የተሻለ መንገድ ሄዷል። ቀደም ሲል «ድራይቭ» የሚለው አንድ ትእዛዝ ፋይሉንም፣ ለውስጠኛው ስርዓት የሚታየውንም ዕቃ በአንድ እስትንፋስ ይገልጽ ነበር። በኋላ ሁለቱ ተለያዩ፤ «ብሎክዴቭ» ከበስተጀርባ ያለውን ፋይል፣ «ዲቫይስ» ከፊት የሚታየውን አምሳያ ዕቃ ይገልጻል፤ በመካከላቸው የሚያገናኛቸው ተጠቃሚው ራሱ የሚሰጠው መለያ ነው። የቋንቋ ሊቃውንት ጠቋሚንና ተጠቋሚን ለመለየት የደከሙበት ነገር በትእዛዝ መስመር ላይ በግልጽ ተቀምጧል። ለመጻፍ ይረዝማል፤ ያናድዳልም። ነገር ግን ያው ፋይል ዛሬ በአይዲኢ፣ ነገ በሳታ ሲቀርብ የተለወጠው የትኛው እንደሆነ አያምታታም። በአማርኛ ሦስት ግሶች ይህን ልዩነት ሊሸከሙ ይችላሉ፦ ፋይል «ይከፈታል»፣ ዕቃ «ይያያዛል»፣ ሁለቱ «ይዛመዳሉ»። «ካርታ መሥራት» የሚለው ቃል በቃል ቅጂ ምንም አይናገርም። እውነተኛውን ዕቃ ያለ አምሳያ በቀጥታ ወደ ምናባዊው ማሽን ማስገባትን «አሳልፎ መስጠት» ያለ ተርጓሚ ደግሞ የክህደትን ፈሊጥ መጠቀሙን ልብ አላለም፤ «በቀጥታ ማሳለፍ» ይሻላል። ፈሊጡ አንዳንዴ እውነት እንደሚይዝ ግን መካድ አይቻልም፤ አስተናጋጁ እየጻፈበት ያለውን እውነተኛ ዲስክ ለእንግዳውም ከፍቶ የሰጠ ሰው የፋይል ሥርዓቱን በእርግጥ አሳልፎ ሰጥቶታል።

ከአሮጌ ማሽን የዳነ የመዝገበ ቃላት ረቂቅ በቤተ መዛግብት ሲቀመጥ ብዙውን ጊዜ የሚመዘገበው የአዘጋጁ ስም፣ ቋንቋውና ዓመቱ ነው። ከምስሉ ጋር አንዲት ተጨማሪ መስመር ብትጻፍ ቀጣዩ አንባቢ ሰማያዊውን ገጽ ሳያይ ወደ ቃላቱ ይደርሳል፦ «ዊንዶውስ 98፤ አምሳያ መቆጣጠሪያ አይዲኢ፣ ፒአይአይኤክስ4፤ አንደኛ መስመር፣ ዕቃ 0፤ ዋናው ምስል አይጻፍበትም፣ ለውጥ በተደራቢ ፋይል፤ የማፍሰስ ትእዛዝ ይከበራል፤ ፎንቱ በውስጡ አለ።»