ስቲከሩ የት ይውላል?

ግንደወይን ውስጥ ስቲከር ሊያሠራ የሚመጣ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ ዋጋውን ነው። እኔ ግን ዋጋ ከመጥራቴ በፊት ዕቃው የት እንደሚውል ማወቅ እፈልጋለሁ። ለምሳሌ የማር ዕቃ ከሆነ ሱቅ ውስጥ ተደርድሮ ይሸጣል ወይስ ሞጣ ገበያ ፀሐይ ላይ ይውላል? ቅቤ የነካ እጅ ያነሣዋል? ይህን ሳላውቅ የትኛውን ማሽን እንደምከፍት አላውቅም።

በሙቀት የሚያትሙ ማሽኖች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ዓይነት ቀለም አይሞላም፤ ቀለሙ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው። ወረቀቱ የተለበጠው ገና ባልጠቆረ ማቅለሚያና ማቅለሚያውን በሚያጠቁር ሌላ ንጥረ ነገር ነው። የማሽኑ ራስ ሲያሞቃቸው ሁለቱ ቀልጠው ይዋሐዳሉ፣ ያ ነጥብ ይጠቁራል። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝም ሆነ ነፍሰ ጡሮች ከክሊኒክ ይዘውት የሚወጡት የአልትራሳውንድ ፎቶ በአብዛኛው እንዲህ የታተመ ነው። መለየት ለፈለገ ወረቀቱን በጥፍሩ ጫር ያድርገው፤ ጥቁር መስመር ከወጣ እሱ ነው።

ይህ ወረቀት ለአጭር ዕድሜ የተሠራ ነው። ካሽ ሬጅስተር በደንብ ቁጥር 139/1999 ግዴታ ከሆነ ወዲህ ጠባዩን የማያውቅ ነጋዴ የለም፤ ደረሰኙ እጁ እንደገባ ፎቶ ኮፒ የሚያስነሣ የሒሳብ ሠራተኛ ኬሚስትሪውን ባያጠናም ትክክል ነው። ደረሰኙን እንዳይበላሽ ብሎ በላስቲክ ፋይል የሚያስቀምጠው ግን ብዙ ጊዜ ራሱን ይጎዳል፤ ላስቲኩን የሚያለሰልሰው ቅባት ወደ ወረቀቱ እየገባ ጽሑፉን ያጠፋዋል። ቅቤና ዘይትም እንደዚያው ናቸው። አልኮል ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራል፤ ሁለቱን ንጥረ ነገሮች ያለ ሙቀት አሟሙቶ ስለሚያገናኛቸው ነጩን ወረቀት ያጠቁረዋል። ስለዚህ አረቄ ጠርሙስ ላይ እንዲህ ያለ ስቲከር አልለጥፍም። በሳምንት ውስጥ ተበልቶ ለሚያልቅ ዳቦ ግን ከሱ የተሻለ ርካሽ ነገር የለም።

ሁለተኛው ዓይነት ሪባን አለው። የማሽኑ ራስ ሪባኑን ከጀርባው ያሞቅና ቀለሙን አቅልጦ ስቲከሩ ላይ ያትመዋል። እዚህ ላይ የሚሳሳቱት ብዙዎች ናቸው፤ ሪባን ሁሉ አንድ ይመስላቸዋል። የሰም ሪባን ለወረቀት ስቲከር ነው፤ የላስቲክ ስቲከር ላይ ከታተመ በአውራ ጣት ተፍቆ ይነሣል። ለላስቲክ ሬዚን የሚባለው ሪባን ያስፈልጋል፤ ዋጋውም ሙቀቱም ከፍ ይላል። የማር ዕቃ ሁልጊዜ ይጨማለቃል፣ በሙቅ ውኃም ይታጠባል፤ ስለዚህ ለማር ላስቲክና ሬዚን እንጂ ሌላ አልመክርም። አንዲት ደንበኛዬ «ልጄ፣ ርካሹ ምን አለው?» ይሉኛል። «ከታጠበ በኋላ ማን እንደሸጠው አይታወቅም፣ እማማ» እላቸዋለሁ።

ከሁሉ በላይ የሚያደክመኝ ግን ፊደላችን ነው። የተለመደው የማሽን ራስ በአንድ ሚሊ ሜትር 8 ነጥብ ብቻ ያትማል። ቁመቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ፊደል እንግዲህ 16 ነጥብ ይደርሰዋል። ለላቲን ፊደል ይህ ይበቃል። በአማርኛ ቡ ከቢ የሚለየው በጎኑ ባለች ትንሽ ጭረት ቦታ ነው፤ የቤ ቀለበት ደግሞ በዚህ መጠን ውስጧ ይሞላና ቢ ትመስላለች። ሙቀቱ ሲጨመር ይብሳል። ደምቆ እንዲታይ ብሎ ሙቀቱን እስከ ጫፍ የሚያደርስ ሰው ፊደሉን ያደፈርሳል፣ የማሽኑን ራስ ዕድሜም ያሳጥራል። በሚሊ ሜትር 12 ነጥብ ያለው ራስ ከተገኘ እሰየው፤ ካልተገኘ ፊደሉን ከ3 ሚሊ ሜትር አላሳንስም፣ ቦታ ከጠበበም ቃል እቀንሳለሁ። ብዙዎቹ ማሽኖች ከውስጣቸው የአማርኛ ፊደል ስለሌላቸው ጽሑፉን እንደ ሥዕል አድርጌ ነው የምልከው።

ለማጽዳት ብለው የማሽኑን ራስ በምላጭ የሚፍቁ አሉ። አይደረግም፤ ማሽኑ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ በአልኮል የራሰ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል።

ከዚያ ቀኑ አለ። ማሽኑ የዕቃው አገልግሎት የሚያበቃበትን ቀን በራሱ ቆጥሮ ሲያትም የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነው። በአማርኛ በተጻፈ ስቲከር ላይ 06/2026 ብሎ ያወጣል፤ ቢቸና ያለ ገዢ የካቲት 2026 ብሎ ያነበዋል፣ ገና ብዙ ዓመት ያለው ይመስለዋል። ስለዚህ የማሽኑን ሰዓት ለቀን አልጠቀምም። የወሩን ስም በቃል እጽፋለሁ፤ ዕቃው ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነም ከሥሩ እ.ኤ.አ. ብዬ የፈረንጁን ቀን እጨምራለሁ፣ ለዚያ የምትሆን አንድ መስመር ከአድራሻው ላይ ቀንሼም ቢሆን።