የደራሲ ስም በምን ይኖራል?

ወጣቶች ሆይ፤ በዓሉ ግርማ ማን ነው ብትባሉ «የጠፋው ደራሲ ነው» ትሉ ይሆናል። መልሱ እውነት ነው፤ ግን ጎደሎ ነው።

በዓሉ የተወለደው የከፋችን ጎረቤት በሆነው በኢሉባቦር ነው። ጋዜጠኝነትን በአሜሪካ ተምሮ ተመለሰና የአዲስ ዘመን ዋና አዘጋጅ ሆነ፤ ኋላም በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍ ያለ ሹመት አገኘ። በ1974 ዓ.ም. የቀይ ኮከብ ዘመቻ ሲደረግ ኤርትራ ዘለቀ። በዚያ ያየውን መነሻ አድርጎ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. አሳተመ። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ።

ስለዚህ ብዙ ሰው መጽሐፉን የሚያመሰግነው ለደራሲው እያዘነ ነው። ኀዘን መልካም ነው፤ ለመጽሐፍ ግን ዳኛ ሊሆን አይችልም። መከራ የተቀበለ ሰው የጻፈው ሁሉ አያምርምና። በ«ኦሮማይ»ም ቢሆን የፍቅሩ ነገር አንዳንድ ቦታ ጌጥ ይበዛበታል።

የመጽሐፉ ኃይል ሌላ ነው። ተራኪው ፀጋዬ ኃይለማርያም የመንግሥት ጋዜጠኛ ነው። አዲስ አበባ እጮኛ እያለችው አሥመራ ላይ ፊያሜታን ይወዳል፤ ልቡ እየተጠራጠረም የዘመቻውን ዜና ያሰማራል። በዓሉ የሹማምንቱን ነውር ሲገልጥ የገዛ ሙያውን ነውር አልሸፈነም። የሰውን ጉድፍ ለመጻፍ ብዕር የሚያነሣ ብዙ ነው፤ ከራሱ ቤት የሚጀምር ግን ጥቂት ነው።

እንግዲህ ስለ መጥፋቱ ከማውራታችሁ በፊት መጽሐፉን አንብቡ። አሳዳጆቹ ሊያጠፉ የፈለጉት የተጻፈውን ነበርና፤ ሳያነቡ የሚያደንቁትም ሳያውቁ ያግዟቸዋል።