ሮስተሩ ከተቃጠለ በኋላ

ታኅሣሥ 2014 ውጊያው ከሰሜን ወሎ ገለል ብሎ ወደየትምህርት ቤታችን ስንመለስ፣ ከየአቅጣጫው የሚመጣው ጥያቄ ስለ ንብረት ነበር፦ ስንት ዴስክ ተሰበረ፣ ስንት ቆርቆሮ ተነቀለ፣ ቤተ ሙከራው ምን ተረፈለት? ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ ግን በርዕሰ መምህርነቴ ያስቀደምኩት መዝገብ ቤቱን ነው። ክፍል ባይኖር ዛፍ ሥር ይማራል፤ እድሩም ድንኳኑንና አግዳሚ ወንበሩን አልነፈገንም። ስሙና ውጤቱ የጠፋበት ልጅ ግን 7ኛ ክፍል መድረሱን በምን ያስረዳል?

የተማሪዎቹ ስምና ውጤት የሰፈረበት ሮስተር ተቃጥሏል። መልሰን ያዘጋጀነው ከመምህራን የግል ማርክ ሊስትና እናቶች በፌስታል ጠቅልለው ከልብስ ሣጥን ሥር ካቆዩት ካርድ ነው። እሱ ባልበቃበት ልጆቹን ጠየቅን። እንደ ድሮው ሦስት ሦስት ሆነው በየቦታቸው እንዲቀመጡ አደረግን፤ ዴስክ በሌለበት ድንጋይ ደረደርን። «ከጎንህ ማን ነበር? ከኋላህስ?» የክፍል ኃላፊው ይጽፋል። ልጅ የጓደኛውን የአያት ስም ሳይቀር ያውቃል። አንዳንዱ ቦታ ላይ ሲደርሱ ዝም ይላሉ። መምህሩ አይጫናቸውም፤ መስመሩን ክፍት ትቶ ያልፋል። ያንን መስመር ለመሙላት እኔና ከወላጅ መምህር ኅብረት አንድ ሰው ቤት ድረስ እንሄዳለን።

በክፉ ጊዜ የርዕሰ መምህር ሥራ ለእኔ ይኸው ነው። ሰልፍ ላይ ስለ ጽናት መናገር ልጅን ትምህርት ቤት አያቆይም። ሲቀር ፈልጎት የሚመጣ ሰው እንዳለ ካወቀ ግን ይመጣል። መምህሩም እንዲሁ ነው፤ የእርሱም ቤት ተዘርፏል፣ ደመወዝም ሳያይ ከርሟል። ስለዚህ በመጀመሪያው ስብሰባችን የተነጋገርነው ማን ምን በልቶ እንደሚያድር ነው። የወረዳው ሪፖርት ይደርሳል።

ነሐሴ 2014 ውጊያው ሲያገረሽ የሮስተሩ ቅጂ በተለያዩ መምህራን ቤት ተቀምጦ ነበር። ውጊያውን ካስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ፣ በ2015፣ መዝገብ ፍለጋ አልደከምንም፤ የደከምነው ልጆቹን ፍለጋ ነው። ከቀሩት ብዙዎቹ ከፍ ያሉ ሴቶች ነበሩ። ገሚሶቹ ተድረዋል፤ ገሚሶቹ በጅቡቲ አድርገው ሳዑዲ ለመሻገር ከደላላ ጋር ተነጋግረዋል። ያልተነሡትን መመለስ ይቻላል። ለዚህም የየዕለቱ ስም ጥሪ ከሰዓት ሳይሆን ቢሮዬ መድረስ አለበት። አንዲት ልጅ ሁለት ቀን ከቀረች በሦስተኛው ቤቷ እንገኛለን፤ ሳምንት ከቆየን ደላላው ይቀድመናል።