ከልደት በኋላ የምትጠፋው እናት

ዘግይቶ መውለድ ለትረካ የተመቸ ጉዳይ ነው። ጥበቃ አለው፤ ሐሜት አለው፤ ስእለት አለው፤ በመጨረሻም እልልታ አለው። ይሁን እንጂ እንዲህ ያሉ ታሪኮችን በክፍል ውስጥ ባስተማርሁ ቁጥር አንድ ነገር ያስገርመኛል፤ ሕፃኑ እንደ ተወለደ እናቲቱ ቀስ በቀስ ከትረካው ትወጣለች። ጉዳዩ ዐይኔን የሳበው እኔም አርባ ከሞላኝ በኋላ የወለድሁ በመሆኔ ሊሆን ይችላል፤ መነሻዬ ግን ጽሑፎቹ ናቸው።

ሣራን እንውሰድ። በኦሪት ዘፍጥረት ይስሐቅን ስትወልድ የ90 ዓመት ባልቴት ነበረች። ከመፅነሷ በፊት ድምፅዋ ጎልቶ ይሰማል፤ በድንኳኑ ደጃፍ ሆና ታደምጣለች፣ በልቧ ትስቃለች፣ አልሳቅሁም ብላም ትክዳለች። ከወለደችም በኋላ አጋርን እስከምታስባርር ድረስ ቃል አላት። በምዕራፍ 22 ልጇ ለመሥዋዕት ሲወሰድ ግን ስሟ እንኳ አይነሣም። ምዕራፍ 23 ደግሞ የሚከፈተው በ127 ዓመቷ መሞቷን በማርዳት ነው። አብርሃም አህያውን በጫነበት ማለዳ ሣራ ምን ታውቅ ነበር? ተራኪው አይነግረንም።

በገድለ ተክለ ሃይማኖትም ሁኔታው ይመሳሰላል። እግዚእ ኀረያ በሞቶሎሚ ተማርካ በቅዱስ ሚካኤል ረዳትነት ወደ ባሏ ወደ ጸጋ ዘአብ እስክትመለስ ድረስ የትረካው ማእከል እርሷ ናት። ከልደቱ ወዲህ ግን ይበልጡን የልጇን ተአምር የምታይ ምስክር ትሆናለች። የገድል ዓላማ የጻድቁን ክብር መንገር ስለ ሆነ ከዚህ በላይ መጠየቅ አይገባም የሚል አንባቢ ይኖራል። ልክ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ልማድ ሳይመረመር ወደ ዘመናዊው ልቦለድና ወደ ሂሳችን መሻገሩ ነው።

ሌላ መንገድ እንደ ነበረ የምታሳየን ሐና ናት። ከዓመታት እንባ በኋላ ሳሙኤልን ወልዳ፣ ጡት አስጥላ፣ በስእለቷ መሠረት በሴሎ ለቤተ መቅደስ ትሰጠዋለች። ታሪኩ እዚህ ላይ ሊያበቃ በቻለ ነበር። ሆኖም መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በምዕራፍ 2 አንዲት ትንሽ ነገር ይጨምራል፤ ሐና ለልጇ በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት ነበር። ልብ እንበል፤ ልክ የምትወስድበት ልጅ አጠገቧ የለም። ትከሻው ምን ያህል እንደ ሰፋ፣ ክንዱ ምን ያህል እንደ ረዘመ በግምት ትቆርጣለች። ስእለቷን በመፈጸሟ እናትነቷ አላበቃም ለማለት ተራኪው ስብከት አላስፈለገውም፤ ልብስ በቃው።

በ1958 ዓ.ም. የታተመው ፍቅር እስከ መቃብር ይህንኑ የስእለት ቅርስ ይወስዳል። በዛብህ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር የተሳሉት ልጅ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ግን ስእለቱን የደስታ ማሳረጊያ አላደረጉትም፤ የሴራው ቋጠሮ አደረጉት። ወላጅ የተሳለውን ልጅ እንደሚከፍል፣ ያውም በፍቅሩ እንደሚከፍል አሳዩን። ይህ ትልቅ እርምጃ ይመስለኛል። ያም ሆኖ የስእለቱን ክብደት አብዝተን የምናውቀው ከልጁ ጭንቀት እንጂ ከእናቱ ከውድነሽ በጣሙ ወገን አይደለም። ካማከርኋቸው የመመረቂያ ጽሑፎች መካከል ስለ ሴት ገጸ ባሕርያት የተጻፉት ለሰብለ ወንጌል ብዙ ገጽ ይሰጣሉ፤ ውድነሽን «የበዛብህ እናት» ብለው በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፏታል። ርእስ ፍለጋ የሚመጣ ተማሪ ቢያጋጥመኝ ንባቡን ከማንኩሳ እንዲጀምር እነግረዋለሁ።